የሰው ቀለበት በመስጊድ ደጅ፦ ከኦስሎ እስከ ኩቤክ

አጋርነት የሚለው ቃል ስለ ሃይማኖቶች ግንኙነት በሚጻፉ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው የሃይማኖት አባቶች በአንድ መድረክ ተቀምጠው የሚያወጡትን መግለጫ ነው። በዚህ ዳሰሳ የሚመረመረው ግን ተራው ምእመን በአካሉ የሚፈጽመው ድርጊት፣ ማለትም የሌላ እምነት ተከታዮች ጥቃት የሚያሰጋውን ቤተ አምልኮ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚከቡበት «የሰላም ቀለበት» ነው። ድርጊቱ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2015 በኦስሎ ሲሆን፣ ከሳምንት በፊት በኮፐንሃገን ምኩራብ ደጅ አንድ አይሁዳዊ ጠባቂ መገደሉን ተከትሎ የኖርዌይ ሙስሊም ወጣቶች ባቀረቡት ጥሪ ከ1,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰባስበው ለከተማዋ ምኩራብ አጥር ሆኑ። ለሙስሊሞች ስለሚደረግ አጋርነት የሚያጠና ሁሉ ከዚህ ቢነሳ ይገባዋል፤ ሙስሊሙን ሁልጊዜ ርኅራኄ ተቀባይ አድርጎ የሚያቀርበው የተለመደ ሥዕል ከመነሻው የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነውና።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2017 ምሽት፣ በካናዳ የኩቤክ ከተማ እስላማዊ የባህል ማዕከል የገባ ታጣቂ በመስጊዱ ውስጥ በነበሩ ሰጋጆች ላይ ተኩሶ ስድስቱን ገደለ። በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ የቶሮንቶው ሆሊ ብሎሰም ምኩራብ ረቢ ያኤል ስፕላንስኪ ያስተባበሩት ጥሪ አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን በከተማዋ መስጊዶች ደጅ አሰለፈ። ውስጥ ኢማሙ ኹጥባውን፣ ማለትም ከጁምዓ ሶላት በፊት የሚሰጠውን ትምህርትና ምክር፣ ሲያሰማ፣ ውጭ የቆሙት በፌብሩዋሪ የካናዳ ብርድ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጠብቁ ነበር።

የዚህ ድርጊት ትርጉም ያለው በትክክል ውጭ በመቆሙ ላይ ነው። ከብቦ የቆመው ሰው ሶላቱን አይካፈልም፣ ስለ አንድነት አይሰብክም፣ የሁለቱ እምነቶች አምላክ አንድ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክርም አይገባም፤ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እናንተ እንደ ሥርዓታችሁ ስገዱ፣ ደጁን ለእኛ ተዉት። በዚህም ምክንያት በእምነቱ ጥብቅ የሆነ ሰው ሳይቀር ሃይማኖቴን አቃለልሁ ብሎ ሳይሰጋ ሊሳተፍበት ይችላል፤ የጋራ ጸሎት ግን ይህን ነጻነት ለሁሉም አይሰጥም።

ልዩነቱ ይበልጥ የሚጎላው ከኒው ዚላንድ ጋር ሲነጻጸር ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ሁለት መስጊዶች ላይ በተፈጸመው ጥቃት 51 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ፣ በሳምንቱ በርካታ ሙስሊም ያልሆኑ ሴቶች ለአጋርነት ሻሽ ተከናንበው ዋሉ። ብዙ ሙስሊሞች በደስታ ሲቀበሉት፣ አንዳንድ ሙስሊም ሴቶች ግን የሒጃብ ክብደት ለአንድ ቀን በሚያጠልቀው ሰው ላይ እንደማያርፍ በማንሳት ተችተውታል። የተሳታፊዎቹ ቅንነት አያጠራጥርም፤ ሆኖም ሻሹ የሌላውን ምልክት ተውሶ የሚለብስ ሲሆን ቀለበቱ ግን ምልክቱን ለባለቤቱ ትቶ የራሱን አካል ብቻ ያዋጣልና፣ ከሁለቱ ቀለበቱ የተሻለ ጨዋነት አለው ማለት ይቻላል።

የድርጊቱ ሁለተኛ ባሕርይ መመላለሱ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2018 በፒትስበርግ ምኩራብ 11 አይሁዶች ሲገደሉ የቶሮንቶ ሙስሊሞች በተራቸው ሆሊ ብሎሰምን ከበቡ። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል ወንፈል ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ወንፈል የሚመለሰው ጉልበቱን ላዋለው ለዚያው ገበሬ ሲሆን፣ የኦስሎ ሙስሊሞች ያዋሉትን ጉልበት የተቀበሉት ከቶ የማያውቋቸው የቶሮንቶ ሙስሊሞች ናቸው።

የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሙስሊም ስደተኞች ያስጠጋውን ንጉሥ ነጃሺን ቢያስታውስ አያስደንቅም፤ ንጽጽሩ ግን የሚጠቅመው ተመሳሳይነትን ሳይሆን ልዩነትን ስለሚያሳይ ነው። በእስልምና ትውፊት እንደሚነገረው ንጉሡ አሳልፈህ ስጠን ያሉትን የመካ መልእክተኞች የመለሰው በሥልጣኑ ነበር። በመስጊድ ደጅ የቆመ ጎረቤት ይህ ሥልጣን የለውም፤ ጥይት አያስቆምም፣ ፍርድ አይሰጥም፣ ሰዓቱ ሲደርስም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የመንግሥት ነው፤ ካናዳም የምትመዘነው በዚህ ነው።

በመዝገብ ያለው ውጤት የተደባለቀ ነው። የፌዴራሉ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ማርች 2017 ኢስላሞፎቢያን፣ ማለትም በሙስሊሞች ላይ የሚሰነዘረውን ጥላቻና ፍርሃት፣ የሚያወግዝ የውሳኔ ሐሳብ ቢያጸድቅም ሐሳቡ አስገዳጅ አልነበረም፤ ጃንዋሪ 29 ብሔራዊ የመታሰቢያ ቀን እንዲሆን የተወሰነው ደግሞ በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ጁን 6 በኦንታሪዮዋ ለንደን ከተማ አንድ አሽከርካሪ በእግር ይጓዙ የነበሩ የአንድ ሙስሊም ቤተሰብ አራት አባላትን ሆን ብሎ በመኪና ገጭቶ ገደለ። መንገድ ላይ የሚሄድን ቤተሰብ ደግሞ ማንም ሊከበው አይችልም።

ከሁሉ የከፋው ግን ስድስቱ በተገደሉበት ክፍለ ሀገር የሆነው ነው። የኩቤክ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 16 ቀን 2019 ሕግ 21 ተብሎ የሚታወቀውን ሕግ አጽድቆ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ በሥራ ላይ ሳሉ ሃይማኖታዊ ምልክት እንዳያደርጉ ከለከለ። ሕጉ በቃሉ ሁሉንም ሃይማኖት የሚመለከት ቢሆንም ሒጃብ በሚለብሱ መምህራን ላይ ያረፈው ጫና ግልጽ ነው። ሕጉ ከመቅረቡ በፊት ሒጃብ ለብሰው ያስተምሩ የነበሩት በያዙት የሥራ ቦታ እስካሉ ድረስ እንዲቀጥሉ ተፈቅዶላቸዋል፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት የተዘጋው በር ግን የመስጊድ ሳይሆን የመማሪያ ክፍል በር ነው፤ በዚያ ደጅ የሚቆም ቀለበት ደግሞ ሕጉን አያስቀርም።