ሥዕልና ጨዋታ በሕፃናት ተማሪ ቤት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ፥ ሥዕልን፥ ሙዚቃን፥ ውዝዋዜንና ቴአትርን ባንድነት የያዘ ትምህርት፥ የክወናና የእይታ ጥበባት ተብሎ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተመድቧል። ስሙ ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ነገሩ ግን ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ትምህርቱ ከቍጥርና ከንባብ ጋራ አብሮ መመደቡ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በመጻፍና በመማር መካከል ብዙ መንገድ አለ። ስለዚህ አሁን ሊመረመር የሚገባው ትምህርቱ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚለው ሳይሆን፥ ሕፃኑ በዚያች ሰዓት ውስጥ በእጁ፥ በድምፁና በሰውነቱ የሚሠራው ሥራ ምንድር ነው የሚለው ነው።

ባንዳንድ ስፍራ የሚታየው ልማድ እንዲህ ነው። አስተማሪው በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጀበና ይሥላል፤ ልጆቹም ያንኑ ጀበና በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ከዚያም የአስተማሪውን ለመሰለው ነጥብ ይሰጣል። ጀበና በየቤቱ ከምድጃ የማይጠፋ ዕቃ ሲሆን፥ የእናቱ ጀበና አንገቱ ረዥም ይሁን አጭር፥ ጥላሸቱ ከየት ጀምሮ እስከ የት እንደሚደርስ፥ አፉ የተሸረፈ ይሁን ያልተሸረፈ፥ አስተውሎ እንዲመጣ የታዘዘ ልጅ የለም። መዝሙርም የሚጠናው የወላጆች በዓል ሲቀርብ ነው፤ ድምፃቸው ያማረ ጥቂት ልጆች ተመርጠው ይዘምራሉ፥ የቀሩት ያጨበጭባሉ። የፈተና ወራት ሲደርስ ደግሞ ሰዓቱ ተወስዶ ለሒሳብ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ትምህርት ለእንግዳ እንደሚነጠፍ ምንጣፍ ነው፤ እንግዳው ሲሄድ ይጠቀለላል፤ የቤቱ ልጅ ግን አልተቀመጠበትም።

የቤተ ክርስቲያን የጥንት ትምህርት ጥበብን ለበዓል ቀን ብቻ አላስቀመጠውም። የዜማ ተማሪ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን የሚለየው በጆሮው ነው፤ አቋቋምን የሚማረውም በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ፥ እግሩንና እጁን አስማምቶ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት፥ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩት የሚነገረው የዜማ ምልክት ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ድምፁ እንዳይሳት ይጠብቃል። በዚህ ቤት ተማሪው ከመምህሩ የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ መያዝን ይማራል።

ቅኔ ቤት የገባ እንደ ሆነ ግን ሕጉ ይለወጣል። በቅኔ ቤት ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ተማሪው ከራሱ ያፈለቀውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ መምህሩም ያርመዋል። ይህም ሲሆን ባንድ ጊዜ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ አይዘልም፤ በሁለት ቤት ከምትፈጸመው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል። ጉባኤ ቃናዋ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን የራሱ ናት። እንግዲህ ዜማ ቤት መጠበቅን፥ ቅኔ ቤት ማፍለቅን ያስተምራሉ። ሁለቱ ሲለያዩ ትምህርቱ ይጎድላል፤ ምንም ያልያዘ ሰው የሚያፈልቅበት ምንጭ የለውም፤ የያዘውን ብቻ የሚደግምም የገደል ማሚቶ ነው።

ይህን ማለት የጥንቱ ተማሪ ቤት እንዳለ ወደ ዛሬው ክፍል ይግባ ማለት አይደለም። ያ ትምህርት ብዙ ዓመት የሚፈጅ፥ ለጥቂቶች የሚሰጥ ነው፤ ከሴቶች ልጆችም የሚደርሱበት ጥቂቶች ናቸው፤ በድሮው ጊዜ አለንጋውም ብርቱ ነበር። የአንደኛ ደረጃ ክፍል ግን የሁሉን ቤት ልጅ፥ ወንዱንም ሴቲቱንም፥ ሃይማኖቱ ልዩ ልዩ የሆነውንም ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ የሚወሰደው ሥርዓቱ ነው እንጂ ይዘቱ አይደለም፤ ሥርዓቱም አስቀድሞ ማስተዋልና መያዝ፥ ቀጥሎ በትንሹ ከራስ ማፍለቅ ነው።

የቴአትርም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። በሩሲያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ፥ ከፈረንሳዊው ከላ ፎንቴን ተረቶች አሳብ ወስደው፥ «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት በአዲስ አበባ አሳዩ፤ የአውሬዎቹ ንግግር ሹማምንትን የሚነካ ሆኖ በመገኘቱም ቴአትር ተከለከለ። ተረት ለልጅ ማስተኛ ብቻ አለመሆኑ በዚህ ታወቀ። ከዚያም በኋላ የደብረ ኤልያሱ የቅኔ ሰው፥ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ በአዲስ አበባ ተማሪ ቤት ሲያስተምሩ ድርሰቶቻቸውን ተማሪዎች እንዲጫወቱ አደረጉ፤ የሴቶቹንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ከድርሰቶቻቸው አንዱ «ጥቅም ያለበት ጨዋታ» ይባላል፤ ጨዋታ ሥራ ያስፈታል ለሚል ሰው ስሙ ብቻውን መልስ ይሆነዋል።

ይሁን እንጂ የዚያን ዘመን የተማሪ ቤት ቴአትር እንዳለ ለሕፃናት ክፍል ምሳሌ ማድረግ ስሕተት ይሆናል። ድርሰቱ የመምህሩ ነው፤ ግጥሙ የጠለቀ ነው፤ የተማሪው ድርሻ በቃሉ አጥንቶ መናገር ነው። ለጎልማሳ ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው፤ የሰባት ዓመት ልጅ ግን በዚህ መንገድ ቢሄድ ዜማ ቤት ገብቶ ቅኔ ቤት ሳይደርስ ይቀራል። ለእርሱ የሚሻለው፥ አስተማሪው የአያ ጅቦንና የእመት ጦጢትን ተረት እስከ መካከሉ ነግሮ ዝም ማለቱ ነው። እመት ጦጢት ምን ብላ አመለጠች? አያ ጅቦስ ምን ብሎ መለሰ? ይህን ልጆቹ ራሳቸው ተነሥተው ይናገሩት። በስሙ ሲጠሩት ድምፁ የማይሰማ ዓይነ አፋር ልጅ፥ በአያ ጅቦ ስም ሲናገር አፉ ይፈታል። ነገርን ከነገር ማያያዝን፥ የሌላውን አሳብ መገመትን፥ አድምጦ ተራ መጠበቅንም በዚያው ይማራል።

አንዳንድ አባት ግን፥ «ልጄን የሰደድሁት ፊደል እንዲያውቅ ነው እንጂ አዝማሪ እንዲሆን ወይም ጭቃ እንዲያቦካ አይደለም» ይላል። ይህ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ሥሩ ጥልቅ ነውና። ሸክላ ሠሪዋ፥ ሸማኔው፥ ቀጥቃጩ በአገሩ ሲናቁና ቡዳ ሲባሉ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። አዋጅ ምላስን ያስፈራል፤ ዓይንን ግን አይለውጥም። ዓይንን የሚለውጠው፥ ልጁ ራሱ ጭቃውን አቡክቶ ገንቦ ሊሠራ ሲሞክር፥ ጎኑ ሲሰነጠቅበት፥ እንደ ገናም ሲጀምር ነው። ከዚያ ወዲህ በገበያ የሚያያትን ሸክላ ሠሪ እጅ ያከብራል። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ቤተ ሰብ የተወለዱት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ ነገር ግን እንዲህ ወዳለው ቤት የሚደርሱት ከብዙዎች ጥቂቶች ናቸው። የሥራን ክብር መማር የሚገባው ግን ሁሉም ነው፤ ሁሉም የሚገናኝበት ስፍራ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ክፍል ነው።

ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያትም ሙሉ አይደለም። ፒያኖ በሌለበት ከበሮ አለ፤ የተገዛ ቀለም በሌለበት ከሰልና ቀይ አፈር አለ። ይልቁንም የሚያስቸግረው ያወቀ አስተማሪ ማግኘት ነው። ሥሎ የማያውቅ ሰው ማስገልበጥን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች አስተማሪው ራሱ ጭቃ እንዲያቦካ፥ እንዲሥል፥ ተረት ተነሥቶ እንዲጫወት ማድረግ ይገባቸዋል። አመዛዘኑም ሊታረም ያስፈልጋል፤ የልጁ ሥራ ከሰሌዳው ጋራ ሳይሆን፥ ባለፈው ወር ከሠራው ከራሱ ሥራ ጋራ ይተያይ።

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል። እውነት ነው፥ አይበቃም። ዳሩ ግን ልጅ እንዲያቦካ የሚፈቀድለት ቤተ ሰቡን ራት እንዲያበላ ሳይሆን፥ እጁ ማቡካትን እንዲለምድ ነው። የተጣመመው ጀበና፥ ያልተቃናው ዜማ፥ የተንተባተበው የአያ ጅቦ ንግግር ለወላጆች በዓል ላይበቃ ይችላል። በዚህ ምክንያት ሰዓቱን ከልጁ የሚወስድ ተማሪ ቤት ግን፥ ነገ ሊጡን የሚያቦካው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።