ቱርቦ በጋምቤላ ሙቀት

ከአሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች አንዱን ምረጥ ብባል ሳላመነታ ኤችጄ 61 እላለሁ። በመልኩ ከሌሎቹ ስድሳዎች ብዙ አይለይም፤ ልዩነቱ የሚታየው ኮፈኑ ሲከፈት ነው። ተራው ስድሳ 2ኤች የሚባለውን ናፍጣ ሞተር ይዞ ሲመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ብቅ ያለው ይኼኛው 12ኤች-ቲ አለው። ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4 ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ናፍጣውን በቀጥታ ፒስተኑ ላይ የሚረጭ ባለ ቱርቦ ሞተር ነው። ጉልበቱ ወደ 136 ፈረስ ይደርሳል። የዛሬ ሰው ቁጥሩ ያንስበት ይሆናል። ከጋምቤላ ወደ ጎሬ ጭኖ የወጣ ሰው ግን አያንስበትም።

ያ መንገድ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር ግድም ተነስቶ ወደ 2000 ሜትር የሚወጣ ነው። አየሩ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ይታፈናል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ማርሽ እየቀነሰ ይዳክራል። 12ኤች-ቲ የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ፣ ቡሬ ዳገት ላይ የከባድ መኪና ጭራ ይዘህ ስትሄድና ፊት ለፊት ክፍት ስታገኝ፣ ስትረግጠው ይመጣል። ይህን መኪና የወደድኩት ለዚያ ነው።

ግዢው ትዕግሥት ይጠይቃል። ከ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወዲህ አሮጌ መኪና ማስገባት ኪስ የሚያራቁት ሆኗል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የምንገዛው አገር ውስጥ ያለውን ነው። ከስድሳዎቹ መካከል በዕርዳታ ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገቡ አሉ፤ ኢታንግ እስከ 1983 ድረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት ነበርና እንዲህ ያለ መኪና ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ቀረጡ መከፈሉን ሳያረጋግጡ ቀብድ መስጠት አይገባም፤ ሊብሬው ወደ ገዢው ስም ላይዞር ይችላልና። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት፤ ሞተሩ ተለውጦ በስሙ ብቻ 61 የሆነ መኪና ያጋጥማል።

ለሻጩ አስቀድሜ የምለው አንድ ነገር ነው፤ «ወንድሜ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሳው።» የሞቀ ሞተር ብዙ ይደብቃል። ቀዝቃዛውን ሞተር ሳላስነሳ የቱርቦውን የአየር ጎማ እፈታና ጫፉ ላይ ያለችውን ብሎን በሁለት ጣት ይዤ እነቀንቃለሁ። ወደ ጎን ትንሽ መወዝወዝ ያለ ነው። ምላጮቹ ግድግዳውን ከነኩ ወይም ዘንጉ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ከተመላለሰ ግን ቱርቦው አልቋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ላሜራው የበሰበሰበትን፣ በስቱኮ ተሸፍኖ ቀለም የተቀባውን ደግሞ ሞተሩ ጥሩ ቢሆንም እተወዋለሁ። ሞተር ይታደሳል፤ የበሰበሰ አካል ግን ማለቂያ የለውም።

ከገዙት በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ከሙቀት ጋር ነው። ሞተሩ ተጨማሪ ጉልበት በሰጠ ቁጥር ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፤ ያ ሙቀት ደግሞ በየካቲትና በመጋቢት 40 ዲግሪ በሚነካው የጋምቤላ አየር ውስጥ መውጣት አለበት። የራዲያተሩ ጠላት የሣር ዘር ነው። በረጅሙ ሣር መካከል ከአቦቦ ሲመጡ ዘሩ የራዲያተሩን ቀጫጭን ክንፎች እንደ ወንፊት ቀዳዳ ይደፍናቸዋል፤ ከፊት ሲታይ ንጹሕ ይመስላል፣ የታመቀው ግን ውስጥ ነው። የማጥበው ማታ፣ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት፣ በቀስታ በሚወርድ ውኃ ነው። የላቫጆ ኃይለኛ ውኃ ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል። ዳገት ወጥቼ ስቆምም ሞተሩን ወዲያው አላጠፋም፤ ቱርቦው የሚሽከረከረው በዘይት ላይ ስለሆነ፣ ሳይበርድ ዘይቱ ከተቋረጠበት ዘይቱ እዚያው ተቃጥሎ ይደርቃል።

ነዳጅ ሲጠፋ ናፍጣ በጀሪካን ይገዛል። ያን ጊዜ አጣርቼ እቀዳለሁ፣ ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃም ቶሎ ቶሎ አወጣለሁ። ውኃ ፖምፓው ውስጥ ከገባ ወጪው ከባድ ነው፣ መለዋወጫውም አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስኬዳል።

ብርቅ መኪና በሸራ ተሸፍኖ መቀመጥ አለበት የሚሉ አሉ። አልስማማም። የቆመ መኪና የጎማ ማኅተሞቹ ይደርቃሉ፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ በክረምቱ እርጥበት ሳልቫቲዮው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። በየቀኑ የሚነዳ መኪና ድምፁ ትንሽ ሲለወጥ ያሳውቃል፤ የሙቀት መለኪያው ከለመደው ቦታ አንዲት ጣት ከፍ ቢል ባለቤቱ ያየዋል።

ሌላው የማልቀበለው ምክር ሞተሩን በ1ኤችዜድ መለወጥ ነው። መካኒኮች ይህን የሚሉት ከልባቸው ነው፤ 1ኤችዜድ ጠንካራ ነው፣ ዕቃውም በየቦታው አለ። ነገር ግን ቱርቦ የለውም፤ ካምሻፍቱን የሚያዞረውም በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ያለበት ቺንጊያ ነው። የ12ኤች-ቲ ካምሻፍት የሚዞረው በጥርስ ነው። ለሜዳው መንገድ ብቻ መኪና የሚፈልግ ሰው ምክራቸውን ቢሰማ አልቃወምም። ዳገት የሚወጣ ግን ቱርቦውን ያሳድስ፤ ዕቃው እስኪገኝም ይታገሥ።