ግሸንን ወደ ምድር ወገብ የወሰዳት ካርታ

ቢሮዬ ግድግዳ ላይ አንድ የድሮ ካርታ ተሰቅሏል። ዋናው አይደለም፣ ቅጂ ነው። ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሳያየው አያልፍም። ዝሆኖች አሉበት፣ መርከቦች አሉበት፣ ባለ ጌጥ አርማ አለበት። እኔም ብሆን ለዓመታት ሻይ እየጠጣሁ ሳደንቀው ኖሬያለሁ።

አንድ ቀን የወሎ ልጅ የሆነች ተማሪ ጠጋ ብላ አየችውና ጣቷን አንድ ተራራ ላይ አሳርፋ «ይሄ ምን ይላል መምህር?» ብላ ጠየቀችኝ። ጽሑፉ ላቲን ስለሆነ ተረጎምኩላት፦ ተራራው አማራ ይባላል፣ የንጉሡ ልጆች በዘበኛ እየተጠበቁ የሚኖሩበት ነው። «እንዴ፣ ግሸን ነዋ!» አለች። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «ታዲያ ግሸን ምድር ወገብ አካባቢ ምን ትሠራለች?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለካ ካርታውን ሳየው ኖሬያለሁ እንጂ አንብቤው አላውቅም። ይህ ጽሑፍ የዚያች ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

እስቲ በመጀመሪያ ካርታውን እንተዋወቅ። የሠራው የአንትወርፕ ሰው አብርሃም ኦርቴሊየስ ነው። ኦርቴሊየስ በ1570 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ብዙዎች የመጀመሪያው ዘመናዊ አትላስ የሚሉትን መጽሐፍ አሳተመ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1573፣ «የፕሬስተር ጆን፣ ማለትም የሐበሾች መንግሥት መግለጫ» የሚል ትርጉም ያለው አርእስት ሰጥቶ ይህን ካርታ አወጣ። ፕሬስተር ጆን ወይም ካህኑ ዮሐንስ ማለት አውሮፓውያን በመካከለኛው ዘመን በምሥራቅ አንድ ቦታ አለ ብለው ያመኑት ባለጸጋ ክርስቲያን ንጉሥ ነው። መጀመሪያ እስያ ውስጥ ፈለጉት። ሲያጡት ስሙን አምጥተው ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ሰጡት።

ካርታው እንደ ሥዕል እንከን አይወጣለትም። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ተቀርጾ የታተመ ሲሆን የፊደሎቹ አጣጣል፣ የተራሮቹ ጥላ፣ የባሕሩ ነጠብጣብ ሁሉም የተዋጣለት ነው። በአንድ ጥግ አርማውና የንጉሠ ነገሥቱ ማዕረግ ተዘርዝሯል፣ ዘሩም ከንጉሥ ዳዊት እንደሚመዘዝ ተጽፏል። የሚያየው ሰው ሩቅ አገር ለመሄድ ይከጅላል። የድሮ ካርታ ትልቁ ኃይሉም ይሄ ነው፦ ወንበር ላይ እንደተቀመጥን ያስጉዘናል።

አሁን ግን ማስመሪያ እናንሳ። አምባ ግሸን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አባዙት፦ ግሸን ከምድር ወገብ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ኦርቴሊየስ ግን ያንን ሁሉ መንገድ ወደ ደቡብ ወስዷታል። የሄደችውም ብቻዋን አይደለም። ሌሎችም የኢትዮጵያ አውራጃዎች ስሞች አፍሪካ መሀል ተበትነዋል።

ለመሆኑ ይህ እንዴት ሆነ? ኦርቴሊየስ ሰነፍ ሰው አልነበረም። ችግሩ የመጣው ሁለት የማይገጣጠሙ ምንጮችን አንድ ላይ በመስፋቱ ነው። አንዱ ምንጭ በሁለተኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ውስጥ የኖረው ጠሊሞስ ነው። በእሱ ትምህርት መሠረት ናይል ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ሐይቆች ይመነጫል። ሁለተኛው ምንጭ ከ1520 እስከ 1526 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር ኢትዮጵያ ውስጥ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የጻፈውና በ1540 የታተመው መጽሐፍ ነው። አልቫሬዝ በዓይኑ ያየውን በደንብ ጽፏል። እንግዲህ የናይል ምንጭ ኢትዮጵያ ነው ከተባለ፣ ጠሊሞስ ደግሞ ምንጩ ከምድር ወገብ በታች ነው ካለ፣ ኢትዮጵያን እዚያ ድረስ መጎተት ግድ ሆነ። የነጭ ዓባይና የጥቁር ዓባይ ምንጮች በትክክል ተለይተው አልታወቁም ነበር። ስለዚህ ሁለት ግማሽ እውነቶች ተደምረው አንድ ሙሉ ስህተት ወለዱ።

ስህተቱ የቦታ ብቻም አይደለም። አልቫሬዝ አገሩን በጎበኘበት ጊዜ የነገሥታቱ ልጆች በእርግጥም ግሸን ላይ ይጠበቁ ነበር። በ1540 ግን አምባዋ በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ወደቀች፣ የልዑላኑ ጥበቃም እዚያው አበቃ። ካርታው ሲታተም ይህ ከሆነ 33 ዓመት አልፎ ነበር። እኔ «የ1573 ካርታ» እያልኩ ስጠራው ኖሬያለሁ፣ በውስጡ ያለው ዘመን ግን የ1520ዎቹ ነው። የካርታ የኅትመት ዓመትና የመረጃው ዕድሜ ለየቅል ናቸው።

እዚህ ላይ «ያኔ ገና ሳይንስ አልዳበረም፣ ምን ያድርግ?» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ይህን ሐሳቤን ያፈረሰብኝ ግን በ120 ዓመት የሚቀድመው ሌላ ካርታ ነው።

በ1450 ገደማ ቬኒስ አጠገብ በሚገኝ ገዳም ይኖር የነበረ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ዲያሜትሩ 2 ሜትር የሚጠጋ ክብ የዓለም ካርታ ሠራ። ዛሬም ቬኒስ ውስጥ በማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ስብስብ ይገኛል። ደቡብ ከላይ፣ ሰሜን ከታች ስለሆነ መጀመሪያ ስታዩት ግር ይላል። የአፍሪካውን ክፍል ቀስ ብላችሁ ብታነቡት ግን የምታውቋቸው ስሞች ይመጣሉ፦ ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ። ከኦርቴሊየስ መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ኢትዮጵያን ረግጦ በማያውቅ ሰው እጅ!

ምስጢሩን ራሱ ፍራ ማውሮ እዚያው ካርታው ላይ ጽፎታል። የአገሩ ተወላጅ የሆኑ ካህናት አውራጃዎቹን፣ ከተሞቹን፣ ወንዞቹንና ተራሮቹን ከነስማቸው በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ይናገራል። በዚያ ዘመን ከኢየሩሳሌም ተነሥተው ጣሊያን የሚደርሱ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነበሩ። ፍራ ማውሮ የሚያውቁትን ሰዎች አግኝቶ ጠየቀ። ቁም ነገሩ ይሄው ነው።

ፍርዴ ወዲያና ወዲህ እንዳይሆን የሱንም ጉድለት ልናገር። ፍራ ማውሮ ስሞቹን እንጂ ልካቸውን አላገኘም። በኢትዮጵያውያኑ የተነገሩትን ወንዞች አፍሪካ ላይ ዘርግቷቸዋል። የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሆነ ማወቅና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ማወቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን መንገደኛ ይነግራችኋል። ሁለተኛው የኬክሮስ ልኬት ይፈልጋል። ያም ሆኖ ካርታው አንድ ትልቅ ክብር አለው፦ ከማን እንደሰማ አይደብቅም።

ሁለቱ ነገሮች፣ ጥያቄና ልኬት፣ የተገናኙት በሌላ ካርታ ላይ ነው። በ1649 ሮም ውስጥ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ምሁር አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። አባ ጎርጎርዮስ በአማራ ከመካነ ሥላሴ የመጡ ካህን ነበሩ። ሉዶልፍ ግዕዝን ያወቀው ከመጽሐፍ ነበር፣ አማርኛውን ግን ከእሳቸው ተማረ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ተጠርተው ሄደው ስለ አገራቸው ሲጠየቁና ሲያስረዱ ከረሙ። ሉዶልፍ ይህን ዕውቀት በኢትዮጵያ ከኖሩት ጀስዊቶች ካርታ ጋር አገናዝቦ በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሲከብ ይታያል። አገሪቱም ምድር ወገብን ተሻግራ መንከራተቷን ትታ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች።

በሥዕልነቱ ብቻ ቢመዘን ይህ ካርታ ከኦርቴሊየስ ያንሳል። እኔ ግን አሁን አንዱን ምረጥ ብባል እሱን እመርጣለሁ። አንድ ነገር ግን ይቆጨኛል፦ አርእስቱ ላይ «የፕሬስተር ጆን አገር» የሚለው አሁንም አለ! ውስጡ በአባ ጎርጎርዮስ ዕውቀት ታርሞ በሩ ላይ የድሮው ተረት ተሰቅሏል። ሉዶልፍ በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የአባን ምስል አውጥቷል፣ ውለታቸውን አልካደም። እሳቸው ግን አላዩትም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ።

እናንተስ? ስልካችሁ ላይ በየቀኑ ካርታ ታያላችሁ፦ የሙቀት ካርታ፣ የቋንቋ ካርታ፣ የወባ ካርታ። አንድን ጉዳይ ብቻ ነጥለው የሚያሳዩ እንዲህ ያሉ ካርታዎችም ልክ እንደ ኦርቴሊየስ ሥራ በቀለማቸው ዓይን ይይዛሉ። ጥሩውን ከመጥፎው የሚለየው ግን ቀለሙ አይደለም። በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ሲገባ ሐኪሙ ጆን ስኖው የሟቾችን ቤት ካርታ ላይ አሰፈረ፣ ሞቱም በብሮድ ስትሪት የውሃ ቧንቧ ዙሪያ ተከማችቶ ታየ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ግን ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ መጠየቁ ነው። ከቧንቧው ርቀው የሞቱ ሰዎች ውሃው ከዚያ ይመጣላቸው እንደነበር ያወቀው ከቤተሰቦቻቸው ነው። ካርታው ባዶውን ቢታይ እነዚያ ሞቶች ሐሳቡን የሚያፈርሱ ይመስሉ ነበር። ጥያቄው ግን ማስረጃ አደረጋቸው።

ስለዚህ የሚያምር ካርታ ስታገኙ በደንብ ተደሰቱበት። ከዚያ ግን የምታውቁትን አንድ ቦታ ፈልጉና ትክክል መቀመጡን ለኩ። መረጃው የመቼ እንደሆነ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እዚያ የሚኖረው ሰው ተጠይቆ እንደሆነ ለማወቅ ሞክሩ። ለዚህ ፕሮፌሰር መሆን አያስፈልግም። ያቺ ተማሪ የነበራት መሣሪያ የተወለደችበትን አገር ማወቋ ብቻ ነው።

ካርታውን ከግድግዳው አላወረድኩትም። እሷ ግን በሌላ ቀን ስትመጣ ማስመሪያ ይዛ መጣች። ዲግሪውን ቆጠረች፣ ከላቲኑ ጽሑፍ በጣም ከፍ ብላ አንዲት ትንሽ ቀይ ወረቀት ለጠፈችና በላይዋ በአማርኛ «ግሸን» ብላ ጻፈችበት። አሁን ቢሮዬ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከዝሆኖቹ በፊት የሚጠይቀኝ ስለዚያች ቀይ ወረቀት ነው።