የጣና ደንገል አበቃቀልና የሐይቁ ዳርቻ

ደንገል በጣና ዳርቻና በዓባይ መውጫ አካባቢ የሚበቅል፣ ክረምት ከበጋ ለምለም ሆኖ የሚቆይ የረግረግ ተክል ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሳይፐረስ ፓፒረስ ሲሆን፣ በበዓል ቀን ከሚጎዘጎዘው ቄጤማ ጋር በአንድ የዕፅዋት አስተኔ ይመደባል። ሲመቸው ቁመቱ ከአራት ሜትር ያልፋል። ባለ ሦስት ማዕዘን ዘንጉ ቅጠል አያወጣም፤ ከግርጌው የሚታዩት ቡናማ ቅርፊቶች የቅጠል ቅሪት ናቸው። ምግቡን የሚያዘጋጁት አረንጓዴው ዘንግ ራሱና በጫፉ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የተበተኑት ቀጫጭን ጨረሮች ናቸው።

የደንገል መመናመን ሲነሳ ወቀሳው ቶሎ በአጫጆቹ ላይ ያርፋል። የተክሉን አስተዳደግ ለተመለከተ ግን ይህ ፍርድ ሚዛን የጎደለው ነው። የደንገል ዋና አካል ከዓይን የተሰወረው ራይዞም የተባለው የከርሰ ምድር ግንድ ነው። ራይዞሙ በጭቃው ውስጥ አግድም እየተሳበ ከፊት ከፊቱ አዳዲስ ዘንጎችን ያበቅላል። የአንድ ዘንግ ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው፤ ሲያረጅ በውስጡ ከነበረው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከፊሉ ወደ ታች ተመልሶ ለቀጣዩ ቡቃያ ስንቅ ይሆናል። የበሰለው ዘንግ ቢታጨድም ራይዞሙ እስካልተነካ ድረስ ሌላ ይተካል። ጉዳት የሚደርሰው እንደገና ያቆጠቆጠው ሳይጎለምስ ደጋግሞ ሲታጨድ ነው።

ዘንጉም ሆነ ራይዞሙ አየር የቋጠረ ስፖንጅ መሰል አካል አለው። በዚህ ምክንያት እርስ በርስ የተጠላለፉት ራይዞሞች ውኃው ሲሞላ ከመሬት ተላቀው ሊንሳፈፉ ይችላሉ። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከደንገል ታንኳ የሚሠሩትም በዚሁ ባሕርይ ተጠቅመው ነው፤ ታንኳው ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ በየጊዜው ወደ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለመሻገር የሞከረበት «ራ» የተባለው ጀልባም የተሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነበር።

ዘሩ ግን ከራይዞሙ የተለየ ነገር ይፈልጋል። ለመብቀል ብርሃንና ውኃ የሸሸለት እርጥብ ጭቃ ያሻዋል፤ በጥልቅ ውኃ ሥር አይሳካለትም። የጣና ደንገል ትልቁ ችግርም እዚህ ላይ ነው። ውኃው ሲጎድል የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ለአዲስ ደንገል መብቀያ የሚሆነውን ያህል፣ ለገበሬውም ተፈላጊ ማሳ፣ ለከብቱም ግጦሽ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ የሐይቁን ፍሰት ይቆጣጠራል። በ2003 እ.ኤ.አ. የሐይቁ ከፍታ በእጅጉ ሲወርድ ሰፊ ዳርቻ ተራቁቶ ለእርሻ ውሏል። ማጭድ ዘንጉን ብቻ ይወስዳል፤ ማረሻ ራይዞሙን ገልብጦ ለፀሐይ ይሰጣል፤ የከብት ኮቴም ጨቅላውን ቡቃያ ይረግጣል። ሦስቱን በአንድ ዓይን የሚያይ ጥበቃ፣ በተክሉ የሚተዳደረውን ታንኳ ሠሪ ከልክሎ እርሻውን እንዳለ ሊተወው ይችላል።

ጉዳዩ ከደንገሉም ያልፋል። ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው ጠርገው የሚያመጡት አፈር ሐይቁ ውስጥ ይዘቅጣል። ጥቅጥቅ ያለ ደንገል የውኃውን ፍጥነት ያረግባል፣ ደለሉን ያስቀራል፣ ከእርሻ ታጥቦ የመጣውንም ንጥረ ነገር ይመገባል። በወንዞቹ አፍና በባሕር ሸሹ ጠርዝ ከማረሻና ከግጦሽ ነፃ የሆነ ቀበቶ ማስቀረት፣ ከዚያም የበሰለውን ብቻ በዙር ማጨድ ከተክሉ አስተዳደግ ጋር የሚስማማ አሠራር ነው።