ባለቤቱ የታለ? ላንጋኖ ዳር ስለማደር

«ማዘር፣ ከውጭ ምግብ ማስገባት አይቻልም።»

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም። እንዲያውም ሲናገር አፍሮ ነበር። እማዬ ግን ነገሩ አልገባትም። ሌሊት ተነስታ ያዘጋጀችውን ቆጮና አይብ በኮባ ጠቅልላ፣ ከቡታጅራ ጭኗ ላይ አድርጋ ነው ያመጣችው። «ልጄ፣ የእናንተም ድርሻ አለበት እኮ» አለችው። ሰው ቤት ባዶ እጅ መግባት ለእሷ ነውር ነው። ጥበቃው እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ቆጮው ጥበቃ ቤት ቀረ።

መታወቂያችንን ሰጥተን፣ ከፍለን፣ ቁልፍ ስንቀበል ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣች። «ባለቤቱ የታለ? ሰላም ልበለው እንጂ።» ከጠረጴዛው ጀርባ የቆመችው ልጅ ፈገግ አለች። ባለቤቱ አዲስ አበባ ነው።

ያ ጥያቄ ከተጠየቀ ወራት አልፈዋል፤ እኔን ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። የማረፊያውን ስም አልጠራም። ጉዳዬ ከአንድ ቤት ጋር አይደለም፤ ሐይቅ ዳር ባደርኩባቸው ሌሎች ቦታዎችም ያው ነገር ገጥሞኛል። የምሟገተው እንደዚህ ያለ ቦታ አድረን ስንመለስ «እንዴት ነበር?» ስንባል ከምንሰጠው መልስ ጋር ነው። አልጋው ጥሩ ነው፣ ዋይፋዩ ይቆራረጣል፣ ቁርሱ ምናምን። ይህ ሁሉ የዕቃ ቆጠራ ነው። እንግድነት ግን በዕቃ ብቻ አይለካም።

እማዬን ለምን ወሰድኳት? እኛ ሰፈር አካባቢ ሐይቅ ጠፍቶ አይደለም። ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ሐረ ሸይጣን አለ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ጥልቅ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ውሃ። ከአፋፉ ላይ ድንጋይ ብትወረውር ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል። ልጅ ሆነን ሁላችንም ሞክረናል። እማዬም ያንን ሐይቅ ከላይ ሆና እንጂ ነክታው አታውቅም። ዕድሜዋ ወደ ስድሳ እየተጠጋ ነው። እግሯን ውሃ ውስጥ ስትከት ማየት ፈለግኩ፤ በቃ።

ባሕር እንዳላሳያት ደግሞ ባሕር የለንም። በ1985 ኤርትራ ነጻ አገር ከሆነች ወዲህ «ቢች» ስንል የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችን ማለታችን ነው። ከእነሱም ውስጥ ዋና ለሚፈልግ ሰው ተመራጩ ላንጋኖ ሆኖ ቆይቷል፤ ብልሃርዝያ የለበትም ተብሎ ስለሚታመን። ከቡታጅራ ለሚነሳ ሰው አዲስ አበባ መዞር አያስፈልገውም። የማረቆን የበርበሬ ማሳ እያየህ በቆሼ በኩል ወደ ዝዋይ ትወርዳለህ፤ ከዚያ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ አድርገህ ወደ ደቡብ መሄድ ነው።

ላንጋኖን መጀመሪያ የሚያይ እንግዳ ግን ብዙ ጊዜ ይደነግጣል። ውሃው ቡናማ ነው። ስልኩ ላይ ሰማያዊ ባሕር ሲያይ የከረመ ሰው «ቆሻሻ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ቆሻሻ አይደለም፤ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቀር ደቃቅ አፈር ነው ቀለሙን የሰጠው። ወደ 240 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ ሌላ ባሕርን ስላልመሰለ ብቻ ነጥብ ይቀነስበታል። እማዬ ፎቶ አይታ ስላልመጣች አልተከፋችም። ትንሽ ቆማ አየችውና «ሻይ በወተት» አለች። ከዚያ ጫማዋን አወለቀች።

አሁን ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። በአማርኛ «እንግዳ ተቀባይ» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ይሠራል። ስለ ራሳችን ስንኩራራ «እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን» እንላለን። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ከጠረጴዛ ጀርባ ቆማ መታወቂያ የምትመዘግበው ሠራተኛ እንግዳ ተቀባይ ትባላለች። አንዱ ቃል ጠባይ ነው፣ ሌላው የሥራ መደብ። የሐይቅ ዳር ማረፊያዎቻችን ችግር እነዚህ ሁለቱ መለያየታቸው ነው። የሥራ መደቡ አለ። የሚቀበልህ ሰው ግን የለም።

ድሮ ቢያንስ በስም ደረጃ መልስ ነበረው። በንጉሡ ዘመን በደቡቡ መንገድ ላይ ስማቸው የገነነው ሆቴሎች፣ ዝዋይም ላንጋኖም አርባ ምንጭም፣ በቀለ ሞላ ነበር የሚባሉት። «ባለቤቱ የታለ?» ላለ ሰው ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል። ዛሬም ኃይሌ ሪዞርት ስንል የምናውቀው ፊት ይመጣብናል፤ ሐዋሳ ስታድር ኃይሌ ገብረሥላሴ ሻይ እንደማይቀዳልህ ብታውቅም፣ ስሙን ያስያዘ ሰው እንዳለ ታውቃለህ። ስም ብቻውን አያስተናግድም፤ ግን ተጠያቂ አለ ማለት ነው። እኛ ያደርንበት ቤት ስሙ የእንግሊዝኛ ቅጽልና «ሎጅ» ነው። ማንንም ሰላም አትልበትም።

ሁለተኛው የሚጎድለው ደጅ ነው። የጉራጌ መንደር ያየ ሰው ጀፎሮን ያውቃል፤ በቤቶቹ ፊት ለፊት የተዘረጋው ሰፊ አረንጓዴ የጋራ መንገድ። ከብት ይውልበታል፣ ሰርግም ለቅሶም ይቆምበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። ማንም አያጥረውም። እንግዳ ሲመጣ በጀፎሮው ነው የሚመጣው፤ ከአንድ ቤት በፊት መንደሩ ያየዋል። ሐይቅ ዳር ጀፎሮ መሆን የነበረበት ዳርቻው ነበር። ማረፊያው ግን ሽቦውን እስከ ውሃው ድረስ አውርዶታል። ከሽቦው ወዲህ እኛ ፎጣ አንጥፈን ተኝተናል፤ ከሽቦው ወዲያ እረኛ ከብቶቹን ያንኑ ውሃ ያጠጣል። ምሳ ያቀረበልን ልጅ የቅርብ ሰፈር ሰው ነው። «እህቶቼ እዚህ ገብተው አያውቁም» አለን፤ ሳያማርር፣ እንዲሁ ወሬ አድርጎ። ለመግቢያ የሚከፈለውን አውቃለሁ፤ ለሁለት እህቶች ቀላል ገንዘብ አይደለም። ስለዚህ እንግዳው ላንጋኖ አደርኩ ይላል እንጂ ከላንጋኖ ሰው ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል።

እዚህ ድረስ ክሴን ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። «የእኛ ቤት እንግዳ አቀባበል ይሻላል» ብዬ ልደመድም ነበር። ያላስደመደመችኝ ራሷ እማዬ ናት።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አርፍዳ ተነሳች። አርፍዳ ስትነሳ አይቻት አላውቅም። ቁርስ ስንበላ ልጁ ሳህኑን ሊያነሳ ሲመጣ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ልታነሳለት። ከዚያ ራሷን ያዘችና ተመልሳ ተቀመጠች። ሐይቁን እያየች «እኔ እኮ እንግዳ ሆኜ አላውቅም» አለችኝ።

ያ አነጋገር ሆዴን ነካው። በየመስከረሙ ለመስቀል ዘመድ ሁሉ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ይገባል። ክትፎው በጣባ ይቀርባል፣ ቤቱ ይሞላል፣ እኛ «እንዴት ያለ አቀባበል!» እንላለን። እማዬ ግን ያንን ሳምንት በሙሉ አትቀመጥም። የምንኮራበት እንግዳ ተቀባይነት ዋጋው የሚከፈለው በእናቶች ወገብ ነው። ዘመድ ቤት ብትሄድም ያው ነው፤ ገብታ ወጥ ቤት ትረዳለች። ከፍለህ የምታድርበት ቤት አንድ ጥሩ ነገር አለው፦ ዕዳ የለብህም። ሂሳቡ ሲዘጋ ነገሩም ይዘጋል። ለእኔ ቅዝቃዜ የመሰለኝ ነገር ለእሷ እረፍት ነበር።

ስለዚህ ፍርዴን ላስተካክል። ማረፊያው ቤታችንን ይምሰል አልልም። ከውጭ ምግብ አይግባ የሚለው ደንብም ምክንያት አለው፤ ሰኞና ማክሰኞ ባዶ የሚውል ቤት ቅዳሜና እሁድ በወጥ ቤቱ ነው የሚተነፍሰው። የሚያስከፋው ለጥበቃው ደንቡ ብቻ መሰጠቱ ነው፤ የመቀበል ሥልጣን አልተሰጠውም። «ማዘር፣ ወጥ ቤት ይቀመጥልዎትና ነገ በቁርስ እናቀርብልዎታለን» ለማለት ተጨማሪ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው አሠሪው ያንን ሰው እንደ አስተናጋጅ ማየቱ ነው፤ በሩ ላይ መጀመሪያ የምናገኘው እሱ ነውና። ሽቦውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ይነሳ አላልኩም። ግን በሳምንት አንድ ቀን የአካባቢው ልጆች በነጻ የሚገቡበት በር ቢኖረው እኛ ምን እናጣለን?

በዚህ ዓመት ለወንጪም ለጎርጎራም የምንጓዝ ብዙ ነን። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠሩት ማረፊያዎች በፎቶ ሲታዩ በጣም ያምራሉ። ስትመለሱ ስለ አልጋው አትንገሩኝ። በሩ ላይ ማን ተቀበላችሁ? የሐይቁ ዳር ሰው ዳርቻው ላይ ነበር? ይዛችሁ የሄዳችኋት እናትስ ተቀመጠች?

ስንወጣ ጥበቃው ጥቅሉን አመጣልን። አልተነካም። አይቡ ኮምጥጦ ነበር፤ ቆጮ ግን በሁለት ቀን ምንም አይሆንም። እማዬ እዚያው ፈታችውና ቆርሳ ሰጠችው። እሱም ከጥበቃ ቤቱ ውስጥ ያለችውን አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አውጥቶ በኮቱ እጅጌ ጠረገላት። ተቀመጠች። አገሩ የት እንደሆነ፣ እናቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቀችው። መኪናው ጡሩምባ እየነፋ ጠበቀን።