ሆድ ይፍጀው ወይስ ወረቀት ይቻለው?
የፈጠራ ጽሑፍ ቡድኖችና የፈውስ ማስረጃቸው፤ ሂሳዊ ዳሰሳ

አማርኛ ለተጨነቀ ሰው ሁለት የሚጣረሱ ምክሮች አሉት። አንዱ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል፤ ሌላው «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ይዘጋል። ሁለቱም ከአንድ ሰው አፍ፣ አንዳንዴም በአንድ ቀን ይወጣሉ። የመጀመሪያው ለሐኪምና ለወዳጅ የሚነገረውን ይመለከታል። ሁለተኛው የሚያገለግለው ቢነገር ሰው የሚያዋርደውን፣ ትዳር የሚያፈርሰውን፣ ዘመድ የሚያቃቅረውን ነገር ነው። ለአእምሮ ጤንነትና ለራስ ደኅንነት ሲባል የሚቋቋሙ የፈጠራ ጽሑፍ ቡድኖች ቦታቸው በሁለቱ ምክሮች መካከል ነው፤ ነገሩ ከሆድ ይወጣል፣ አደባባይ ግን አይደርስም።

እነዚህ ቡድኖች ጥቅማቸውን ሲያስረዱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት አንድ የምርምር መስመር አለ። የዚህ ዳሰሳ ክርክር ከዚያ ይነሳል፤ የሚጠቀሰው ማስረጃ በአመዛኙ የተገኘው ብቻውን ከሚጽፍ ሰው እንጂ ከቡድን አይደለም። ስለዚህ ቡድን የራሱ ጥቅም ካለው፣ ጥቅሙ መፈለግ ያለበት በአደማመጡ ሥርዓት ውስጥ ነው።

አራት ቀን፣ 15 ደቂቃ

ያ የምርምር መስመር የሚነሳው ከዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ተመራማሪዎቹ ጄምስ ፔኔቤከርና ሳንድራ ቢል የ46 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጥናት አሳተሙ። ተማሪዎቹ ለአራት ተከታታይ ቀናት በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ጻፉ። አንዳንዶቹ ስለ ተራ ጉዳይ፣ ሌሎቹ በሕይወታቸው ስለደረሰ ከባድ ነገር ነበር የጻፉት። ከእነዚህም አንዱ ክፍል የሆነውን ብቻ፣ ሌላው የተሰማውን ብቻ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣምሮ እንዲጽፍ ተደረገ። የሆነውንና የተሰማቸውን ያጣመሩት ጽፈው ሲነሱ የደም ግፊታቸው ከፍ፣ መንፈሳቸውም ዝቅ ብሎ ተገኘ። በተከታዮቹ ስድስት ወራት ግን ስለ ተራ ጉዳይ ከጻፉት ይልቅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የሄዱበት ጊዜ አነሰ።

ውጤቱ ብዙ ተከታዮች አፈራ። ጆአን ፍራታሮሊ እ.ኤ.አ. በ2006 146 ጥናቶችን አሰባስባ ስትመዝን አማካዩ የተዛምዶ መጠን 0.075 ሆነ። ይህ ከዜሮ ይበልጣል፤ ጽሑፍን የመድኃኒት ምትክ ለማድረግ ግን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2002 የማርጋሬት ስትሮብ ቡድን የትዳር ጓደኛ በሞት በተለያቸው ሰዎች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ስሜትን መግለጥ ከሐዘን መውጣትን እንደሚያፋጥን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘም። እንግዲህ «ጻፍ፣ ይቀልልሃል» የሚለው ምክር የሚሠራው ለአንዳንድ ሰው፣ በአንዳንድ ጊዜ ነው።

ከቁጥሩ በላይ የሚያሳስበኝ ግን የሙከራው አቀማመጥ ነው። ተማሪው ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል፤ የጻፈውን ለማንም ጮክ ብሎ አያነብም፤ «ይህ ቦታ ነካኝ» የሚለውም የለም። የጽሑፍ ቡድን ደግሞ ሌላ ነው። ሰዎች ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ ይጽፋሉ፤ ያነባሉ፤ ይደማመጣሉ። የአንዱን ውጤት ለሌላው ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ የአመክንዮ ዝላይ ነው።

የሽናይደር ሥርዓት

ቡድንን እንደ ቡድን ካሰቡበት ሰዎች አንዷ አሜሪካዊቷ ገጣሚ ፓት ሽናይደር ናት። በድህነት ያደገችው ሽናይደር እ.ኤ.አ. በ1981 በማሳቹሴትስ የአምኸርስት ጸሐፍትና አርቲስቶች ማኅበርን መሠረተች። በዚያው ግዛት በቺኮፒ ከተማ በመንግሥት ቤቶች ከሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ሴቶች ጋር ለዓመታት ጽፋለች። ልምዷን ያሰፈረችበት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል።

ሥርዓቷ ጥቂት ሕጎች አሉት። የተነበበው ከክፍሉ አይወጣም። ማንበብ በፈቃድ ነው። አወያይዋም ከሌሎቹ ጋር ትጽፋለች፤ በእያንዳንዱ ስብሰባ ቢያንስ አንድ ጊዜ የራሷን ታነባለች። ገና ቀለሙ ባልደረቀ ጽሑፍ ላይ ትችት፣ ምክርም ሆነ ጥያቄ አይሰነዘርም። አድማጭ የሚናገረው የወደደውን፣ በልቡ የቀረውን ብቻ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመጨረሻው ሕግ ነው፤ የተነበበው ሁሉ እንደ ልቦለድ ይቆጠራል። አድማጭ «ተራኪዋ» ይላል እንጂ «አንቺ» አይልም።

ይህ ሕግ ጨዋነት ብቻ አይደለም። ሜላኒ ግሪንበርግ፣ ካሚል ዎርትማንና አርተር ስቶን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጥናት፣ ከፊሎቹ ተሳታፊዎች ራሳቸው ላይ ያልደረሰ ከባድ ነገር በምናባቸው ፈጥረው ጻፉ። ከወር በኋላ እነሱም እንደ እውነተኛው ገጠመኝ ጸሐፊዎች በሕመም ምክንያት ክሊኒክ መሄዳቸው ቀንሶ ተገኘ፤ እውነተኛውን የጻፉት ግን የበለጠ ድካም እንደተሰማቸው ተናገሩ። ይህም ከቡድን የተገኘ ውጤት አይደለም፤ ቢሆንም ለጥቅሙ ኑዛዜ ግዴታ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ልቦለድ መሸሸጊያ ብቻ ሳይሆን መሥሪያም ይሆናል።

አማርኛ ሲገባበት

ይህ መሸፈኛ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። ለቅሶ ቤት አስለቃሽ የምታወጣውን ግጥም ተቀብሎ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያለቅሰው የራሱን ሟች ነው፤ «ለማን ነው የምታለቅሰው?» ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም። ሰምና ወርቅም ቢሆን ነገርን ሳይጋለጡ የመናገር ጥበብ ነው። ሆኖም ንጽጽሩን መግፋት አይገባም፤ ሙሾ በአደባባይ የሚሰማና በችሎታ የሚመዘን ነው፤ ምስጢር ጠባቂ ክፍል የለውም።

የበለጠ ፍሬ ያለው ንጽጽር ሰዋስው ላይ ነው። ካምቤልና ፔኔቤከር እ.ኤ.አ. በ2003 እንዳሳዩት፣ ከጤና መሻሻል ጋር የተያያዘው ጸሐፊው ከቀን ወደ ቀን የሚያደርገው የተውላጠ ስም ለውጥ ነው፤ አንድ ቀን «እኔ»፣ ሌላ ቀን «እሷ» ወይም «እነሱ»። በእንግሊዝኛ እነዚህ ለብቻቸው የሚቆጠሩ ቃላት ናቸው። በአማርኛ ግን «ነገርኳት» በሚል አንድ ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። «ፈራሁ» የተናጋሪውን ጾታ ይሸሽጋል፤ «ፈራች» ግን የፈራችውን ጾታ ያወጣል። «ፈራሁ» ብሎ ጀምሮ «ፈራች» ወደሚለው የተሻገረ ወንድ በአንድ ፊደል ለውጥ ከራሱ ወጥቶ ልቦለድ ጀምሯል። በእንጉርጉሮ ሰው «ሆዴ» እያለ ለራሱ ሲናገር፣ ራሱን እንደ ሁለተኛ ሰው አቁሞ ያዋያል። እንዲህ ያለው ሽግግር በአማርኛም ከጤና መሻሻል ጋር ይያያዛል ማለት በአማርኛ ጽሑፎች ላይ ሊፈተን የሚገባው መላምት ነው።

የሰዋስው መደብ ነገር በአድማጩም በኩል ይመጣል። ጋሼ የሚባሉ አዛውንት አንብበው ሲጨርሱ፣ የ20 ዓመቷ ወጣት «እርስዎ እንዲህ ሲያደርጉ» ብላ ለመናገር ድፍረት ያጥራታል። «ተራኪው በሩን ሲዘጋ ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማኝ» ማለት ግን ትችላለች። በአማርኛ «ተራኪው» የሚለው ቃል ምስጢር ከመጠበቁም ሌላ፣ የ«አንተ»ንና የ«እርስዎ»ን አጥር ለአፍታ ያነሳል።

ችግር የሚሆነው የእርማት ልማዳችን ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መምህሩ ይሰማል፣ ወዲያውም ያርማል። ይህ ሥርዓት ሊቃውንት አፍርቷል። ግን የቅኔ እርማትና የቁስል ጽሑፍ ሰዓታቸው ይለያያል። ሽናይደርም ትችትን አልሻረችም፤ ጸሐፊው ጽሑፉን አባዝቶ «አርሙልኝ» እስኪል ድረስ አዘገየችው እንጂ።

ብያኔ

የጽሑፍ ቡድን ሕክምና አይደለም፤ አወያዩም የሥነ አእምሮ ሐኪም አይደለም። ጽፎ በተነሳበት ሰዓት መንፈሱ ዝቅ የሚል ሰው መኖሩን የ1986ቱ ጥናት ራሱ ነግሮናል፤ ይህን የማያውቅ አወያይ ሰውን ከፍቶ ይሸኛል። የቡድኑ ዋጋ ሌላ ነው። «ሆድ ይፍጀው» የተባለ ነገር ያለ ውርደት የሚሰማበት ጆሮ ያዘጋጃል፤ ይህንም የሚያዘጋጀው ሕጉ ሲከበር ብቻ ነው።

ስለዚህ በአማርኛ እንዲህ ያለ ቡድን ለማቋቋም የተነሳ ሰው፣ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ርእስ ከመምረጡ በፊት ሦስት ነገር ይወስን። ማንበብ ያልፈለገ «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም። የተነበበው ከበሩ አይወጣም። ሕመሙ የበረታበት ሰው ወደ ማን እንደሚላክ፣ የባለሙያው ስምና ስልክ አስቀድሞ ተይዟል። ሦስተኛውን ያላሟላ ቡድን ስብሰባውን ያቆይ።