ርካሽ ጥበብና ርካሽ ዋጋ፦ በናይሮቢ መሃል ከተማ

ሥነ ጥበብ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው በክፈፍ ውስጥ ገብቶ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሥዕል፣ ወይም በአደባባይ መካከል የቆመ ሐውልት ነው። የምንበላበት ዕቃ፣ የምንለብሰው ልብስ፣ የምንሳፈርበት መኪና ከጥበብ ቁጥር አይገቡም። ይህ አስተሳሰብ በትምህርት ቤቶቻችን ሁለት ጉዳት ያደርሳል። አንደኛ፣ ተማሪው ጥበብ የባለገንዘቦች ጉዳይ ነው ብሎ ያምናል። ሁለተኛ፣ በዋጋ ዝቅ ያለውን ነገር ሁሉ ያለ ምርመራ ያልፈዋል፤ ስለዚህም መልካሙን ከመጥፎው ለይቶ ማየት አይለምድም። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ርካሽ ዋጋና ርካሽ ጥበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ የሚለዩበትንም ምክንያት ነው።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ረገድ ይረዳናል። በአማርኛ ጥበብ ማለት ዕውቀትና ብልኀት ነው፤ ነገር ግን በቀሚስና በነጠላ ጠርዝ ላይ ሸማኔው በቀለም ክር የሚያወጣው ጌጥም ስሙ ጥበብ ነው። እንግዲህ ጥበብን ከዕለት ልብስ ነጥሎ ማየት ከሌላ የተማርነው ልማድ እንጂ የቋንቋችን ጠባይ አይደለም።

ምሳሌዎቻችንን ከጎረቤት አገር ከኬንያ፣ ከናይሮቢ መሃል ከተማ እንወስዳለን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሠፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። መሃል ከተማዋ በእግር ተዙሮ የሚያልቅ ነው፤ በደቡብ በኩል በባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያልፈውም ጎዳና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራል። በዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ ከጥቂት ሽልንግ አንሥቶ የሚገዛ፣ ወይም ያለ ምንም ክፍያ የሚታይ ብዙ የእጅና የዓይን ሥራ አለ። ሁሉም ግን እኩል አይደለም።

መጀመሪያ ወደ ቢያሻራ መንገድ እንሂድ። ቢያሻራ በስዋሂሊ ንግድ ማለት ነው፤ መንገዱም ስሙን የሚመስል ሥራ አለው። በጨርቃ ጨርቅ መደብሮቹ ውስጥ ተደርድሮ የሚገኘው ካንጋ፣ በኬንያ ሌሶም የሚባለው፣ የምሥራቅ አፍሪካ ሴቶች ለወገባቸው፣ ለራሳቸው፣ ልጅ ለማዘያና ለብዙ ሌላ ጉዳይ የሚጠቀሙበት የጥጥ ጨርቅ ነው። ሁል ጊዜ በጥንድ ይሸጣል። ዙሪያውን የሚከበው ሰፊ ጠርዝ ፒንዶ፣ መካከሉ ምጂ ማለትም ከተማ፣ ከመካከሉ በታች የሚጻፈው አጭር አባባል ደግሞ ጂና ማለትም ስም ይባላል። ጽሑፉ በቀድሞው ዘመን በዐረብ ፊደል ይጻፍ ነበር፤ በኋላ በላቲን ፊደል ሆነ።

ካንጋን እንደ ጥበብ ሥራ ስንመረምረው በጣም ጥብቅ ሕግ ያለው ሆኖ እናገኘዋለን። ሠሪው ሦስት ነገሮችን ብቻ ተሰጥቶታል፤ ጠርዝ፣ መካከልና አባባል። ጨርቁ ታጥፎ በሰውነት ላይ ሲጠመጠም ከመካከሉ አብዛኛው ስለሚሸፈን፣ ጠርዙ ብቻውን ቆሞ መታየት የሚችል መሆን አለበት። ቀለሙም ጥቂትና ጠንካራ ሲሆን ከሩቅ ይለያል። አባባሉ ከሁሉ ይበልጥ ከባድ ነው። ለጎረቤት ቅሬታን፣ ለባል ፍቅርን ወይም ተግሣጽን ሳይናገሩ ለመናገር ስለሚያገለግል፣ እንደኛ ሰምና ወርቅ ሁለት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ለባሽዋ «እኔ ጨርቁን ለቀለሙ ነው የገዛሁት» ብላ ለማምለጥ የምትችልበት ቀዳዳ ከሌለው ጥሩ ካንጋ ነው አይባልም። የፖለቲካ ሰው ፊት ታትሞበት በምርጫ ሰሞን የሚታደለው ካንጋ የሚከሽፈው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፣ ምርጫው ሲያልፍም ከወለል መወልወያነት አያልፍም።

ከሚሸጠው ካንጋ ብዙው በህንድ አገር በፋብሪካ የታተመ ነው። ታዲያ ከሩቅ አገር በመኪና የታተመ ጨርቅ እንዴት ሕያው ጥበብ ሊሆን ቻለ? መልሱ ከገዢዋ ዘንድ ነው። ገዢዋ አባባሉን ታነባለች፤ ካልጣማት ትተወዋለች፤ ነገም ተመልሳ ትመጣለች። ፋብሪካው የሚሠራው ይህችን ዳኛ እየፈራ ነው። እኛ እንደምናምነው የዕለት ተዕለት ጥበብን የሚያሳድገው ይኸው ተመልሶ የሚመጣ ዳኛ መኖሩ ነው።

ከዚያ ወደ ቶም ምቦያ ጎዳናና ወደ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ስንወርድ ሁለተኛውን ምሳሌ እናገኛለን። ይህም ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ነው። ስሙ በስዋሂሊ ሦስት ማለት ከሆነው ታቱ የመጣ ሲሆን፣ ጥንት ለጉዞ ይከፈል የነበረውን ሦስት ባለ አሥር ሳንቲም ያስታውሳል ይባላል። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ማታቱዎች ልዩ የመንገደኛ ማመላለሻ ፈቃድ ሳያወጡ እንዲሠሩ ከፈቀዱ በኋላ ቁጥራቸው በዛ፤ ቁጥራቸው ሲበዛ ውድድር መጣ፤ ውድድሩም ሥዕልን ወለደ። በተለይ ወጣቶች ንጋንያ ብለው የሚጠሯቸው ያጌጡ ማታቱዎች ከጣሪያ እስከ ጎማ ይሣላሉ። ወጪው የባለመኪናው ነው፤ ተመልካቹ ከጉዞው ሒሳብ በላይ አይከፍልም፤ በእግረኛ መንገድ ላይ የቆመው ደግሞ በነጻ ያያል።

ጥሩ የማታቱ ሠዓሊ የሚሥለው ለሚንቀሳቀስ ነገርና ለቸኮለ ዓይን መሆኑን ያውቃል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ስሙን በአንድ ወይም በሁለት ቃል ይጽፋል፤ በጎኑ አንድ ትልቅ መልክ ያወጣል፤ መስኮቱና በሩ የሥዕሉ አካል እስኪመስሉ ያስማማቸዋል። መጥፎው ግን ባዶ ቦታ የተወ እንደሆነ የተሸነፈ ይመስለዋል፤ ፊደል በፊደል ላይ፣ ፊት በፊት ላይ ይደርባል። ሌላም የምንነቅፈው ነገር አለ። ከባሕር ማዶ የመጡ የዘፋኞችና የስፖርተኞች ፊቶች ከመጠን በላይ በዝተው ይታያሉ። ሠዓሊው የሠፈሩን ሰው፣ የሠፈሩን ቀልድና ሼንግ የተባለውን የወጣቶች ቋንቋ ሲያመጣ እጁ ይፈታል፤ ፎቶግራፍ ሲገለብጥ ግን እጁ የተማረውን ብቻ ይደግማል።

ይህ ጥበብ ጨርሶ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። በ2004 በወቅቱ የትራንስፖርት ሚኒስትር በጆን ሚቹኪ ስም የሚታወቀው ደንብ ሥራ ላይ ሲውል፣ ማታቱዎች ሁሉ የፍጥነት መቆጣጠሪያና የመቀመጫ ቀበቶ እንዲያስገቡ፣ ጎናቸውንም በቢጫ መስመር እንዲቀቡና ሥዕላቸውን እንዲያጠፉ ታዘዘ። ቀበቶውና የፍጥነት መቆጣጠሪያው የሰው ሕይወት የሚያድን ነገር ነውና ማንም አይቃወመውም። ይሁን እንጂ አደጋን የሚያመጣው የሾፌሩ ፍጥነት ነው፤ ሥዕሉ ማንንም አልገጨም። ሥርዓትን ለማምጣት ተብሎ ቀለም ሲከለከል፣ ብዙ ወጣቶች ሙያቸውን፣ ከተማውም መልኩን አጣ። በ2014 ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሥዕሉ እንዲፈቀድ ካሳወቁ በኋላ ቀለሙ በይፋ ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው ነገር ርካሽ የሚባለው ጥበብ ጠበቃ የሌለው መሆኑን ነው። የሙዚየም ሥዕል ቢቀደድ ጋዜጣ ይጮኻል፤ የመኪና ሥዕል ቢጠፋ እንደ ጽዳት ይቆጠራል።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁለቱ የተለየ ነው። በሙይንዲ ምቢንጉ መንገድ በሚገኘው የከተማ ገበያና የማሳይ ገበያ ተብሎ በተለያዩ ቀናትና ቦታዎች በሚዘረጋው የዕደ ጥበብ ገበያ ውስጥ፣ የእንጨት ቀጭኔዎች፣ ጦር የያዙ የማሳይ ጎበዞችና ከኪሲ አገር ከታባካ የሚመጣ ለስላሳ ድንጋይ ቅርጻ ቅርጾች በብዛት ይሸጣሉ። የካምባ ሕዝብ የእንጨት ቅርጽ ሙያ ሰፊ ንግድ የሆነው፣ ሙቲሲያ ሙንጌ የተባሉ ሰው በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በታንጋኒካ ካዩት ሙያ ተምረው ከተመለሱ ወዲህ እንደሆነ ይነገራል። የቀራጮቹ እጅ የሠለጠነ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን አሥረኛው ቀጭኔ ከመጀመሪያው ቀጭኔ አንዳች አይለይም። ምክንያቱም ገዢው ጎብኚ ነው፤ አንድ ጊዜ ይገዛል፣ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ አይመለስም። የሚፈልገውም አፍሪካን ማየቱን የሚመሰክር ዕቃ ነው። ተመልሶ የሚወቅስ ዳኛ በሌለበት ቀራጩ ለምን ይጨነቃል? ጥፋቱን በቀራጩ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ እንጀራው ከዚያ ነውና።

በዚያው ገበያ ውስጥ ግን የካምባና የኪኩዩ ሴቶች ከቃጫ የሚሠሩት ኪዮንዶ የተባለው ዘንቢል አለ። ይህን የአገሩም ሰው ይገዛዋል፤ እህልና አትክልት ይይዝበታል። አሠራሩ ቢላላ ገዢዋ በሳምንቱ ታውቀዋለች። ስለዚህ የቀለሙ አሰላለፍም ሆነ የእጁ ጥብቀት ጸንቶ ቆይቷል። ቀጭኔውና ዘንቢሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ዋጋቸው ሊቀራረብ ይችላል፤ እንደ ጥበብ ግን አይቀራረቡም።

ይህን ሁሉ ስንል በሌላው አገር ለመፍረድ አይደለም። በአዲስ አበባ በቸርችል ጎዳና መደብሮች የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ የሚሣልበትን ሥዕል ያላየ የለም። ታሪኩ ትልቅ፣ አሣሣሉም የራሱ ወግ ያለው ነው። ለማያነበው ገዢ በብዛት ሲገለበጥ ግን ዓይኖቹ ሁሉ አንድ ዓይን፣ ፊቶቹ ሁሉ አንድ ፊት ሆኑ። በአንጻሩ በሽሮ ሜዳ የምትገዛው እናት ጥበቡን በጣቷ ዳስሳ፣ በስተኋላ ገልብጣ አይታ፣ ክሩ ቢንቀዋለል ትመልሰዋለች። በታክሲዎቻችን ውስጥ የሚለጠፉት ጥቅሶችም ከካንጋው አባባል ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ተሳፋሪው በየቀኑ ይስቅባቸዋል ወይም ይሰለቻቸዋል፤ የሰለቸው ተነሥቶ በሌላ ይተካል።

ታዲያ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ አያስፈልግም ማለታችን ነውን? አይደለም። በናይሮቢ ስታንዳርድ መንገድ በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በሦስት ሰዎች የተቋቋመ ጋለሪ ዋታቱ የሚባል ማሳያ ነበር፤ ዋታቱ ሦስት ሰዎች ማለት ነው። ዛሬ የለም። ማታቱና ዋታቱ ከአንድ ቃል መውጣታቸው ደስ ያሰኛል፤ አንዱ በሦስት ሳንቲም፣ ሌላው በሦስት ሰው። በዚህ ማሳያ ሥራቸውን ካቀረቡት አንዱ በ1954 የተወለዱት ሴን ዋዱ ናቸው። እኒህ ሰው መምህር ነበሩ። በ1980ዎቹ ማስተማሩን ትተው መሣል ሲጀምሩ ሰዎች አበዱ አሏቸው፤ እርሳቸውም በእንግሊዝኛ አእምሮው ጤነኛ የሆነ ማለት የሆነውን ሴን የሚለውን ቃል ስማቸው አደረጉት። ማሳያ አዳራሽ ብቸኛውን ሠዓሊ ከእንዲህ ያለ ፍርድ ያስጠልለዋል። በሞይ ጎዳናና በቶም ምቦያ ጎዳና መካከል ባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሕንፃም የኬንያ ሁለተኛ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆሴፍ ሙሩምቢ ከመላው አፍሪካ የሰበሰቧቸው የጥበብ ዕቃዎች ይታያሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሲሠሩ የቤት ዕቃ፣ የልብስ ጌጥ፣ የበዓል መሣሪያ እንጂ የሙዚየም ዕቃ አልነበሩም። የዛሬው ዘንቢል ለነገው መስተዋት ሳጥን እጩ ነው ማለት ነው።

ለመምህራን ባልደረቦቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የሥዕል ክፍለ ጊዜ ባይኖርም እንኳ በአማርኛ ወይም በኅብረተሰብ ትምህርት ሰዓት እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ አንድ ዋጋው ቀላል የሆነ ዕቃ ይዞ ይምጣ፤ ሰፌድ፣ ጀበና፣ መሶብ፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ፣ ያጌጠ የደብተር ልባስ ሊሆን ይችላል። ከዚያም በሦስት ጥያቄዎች ይመርምረው። ሠሪው ይህን የሠራው ለማን ነው? ያ ሰው ቢከፋው ተመልሶ ለመውቀስ ይችላልን? ከጌጡ አንዱ ክፍል ቢነሣ ዕቃው ምን ያጣል? ሦስተኛውን ጥያቄ የመለሰ ተማሪ የሒስን ሥራ ጀምሯል።

ለተማሪዎችም የምንለው አለን። ገንዘብ ባይኖራችሁ ዳኛ ከመሆን የሚከለክላችሁ የለም። የናይሮቢዋ ሴት ካንጋ ስትመርጥ፣ የአዲስ አበባዋ እናት ጥበብ ስትገለብጥ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ያልተመረመረ ርካሽ ዕቃ በየቀኑ እየከፋ ይሄዳል፤ የተመረመረው እየተሻሻለ ይሄዳል። ስለዚህ ሳትገዙም ቢሆን አተኩራችሁ እዩ፤ ጥሩውን ሠሪ በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑት፤ የሰነፈውንም ምን እንደ ጎደለው ንገሩት።